የኮምፒውተር ታካሚን ወደ ደሴ ማምጣት፦ በፐልስ ሶፍትዌር የመድማት ትምህርት ለማስተማር ደረጃ በደረጃ

ደረት መጫን፣ ካኑላ ማስገባት፣ ካቴተር ማድረግ በማኒኪን፣ ማለትም በፕላስቲክ የሰው አምሳያ፣ ይለመዳል። ማኒኪን ግን ደም አይጎድልበትም። አንድ ሊትር ደም የፈሰሰው ሰው ልቡ ለምን እንደሚፈጥን፣ ግፊቱ ለምን ለጊዜው ደህና መስሎ እንደሚቆይ፣ ከዚያ ለምን እንደሚወርድ ከፕላስቲኩ አካል አይታይም። ተማሪው ይህን የሚያየው ድንገተኛ ክፍል ውስጥ፣ እውነተኛ ሰው አልጋ ላይ ተኝቶ ነው። እዚያ ደግሞ «እስቲ አምስት ደቂቃ ወደ ኋላ መልሱልኝ» አይባልም።

ይህን ክፍተት የሚሞሉ፣ በነጻ የሚገኙና ምንጭ ኮዳቸው ለማንም ክፍት የሆነ ሶፍትዌሮች አሉ። የልብን፣ የሳንባን፣ የኩላሊትን፣ የነርቭን ሥራ በሒሳብ ቀመር እያሰሉ አንድ ሙሉ ታካሚ ኮምፒውተር ውስጥ ያቆማሉ። ደም ስታፈሱበት ልቡ ይፈጥናል፤ ማንም «ፍጠን» ብሎ ስላዘዘው ሳይሆን ቀመሩ ራሱ ስለሚወስደው ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ለምታስተምሩ የነርሲንግ፣ የማደንዘዣ፣ የጤና መኮንንና የሕክምና መምህራን አንድ የተሟላ የመድማት ትምህርት እንዴት እንደሚዘጋጅ ልጽፍላችሁ ነው። ከሁሉ በላይ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ግን አምስተኛውን ደረጃ ነው። ሶፍትዌሩ ውስጥ ያለው ታካሚ የሚኖረው ባሕር ዳርቻ ነው። የእኛ ሰው ጦሳ ተራራ ሥር ነው የሚኖረው።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ጥያቄውን ምረጡ

ሶፍትዌሩን ከመክፈታችሁ በፊት ተማሪው በትምህርቱ መጨረሻ ሊመልስ የሚገባውን አንድ ጥያቄ ወረቀት ላይ ጻፉ። አንድ ብቻ። እኔ እዚህ የምጠቀመው ይህን ነው፦ «የላይኛው የደም ግፊት ገና 110 እያለ ታካሚው እየደማ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ?» ጥያቄ ሳይኖር ፕሮግራሙን ፕሮጀክተር ላይ መክፈት ተማሪውን ለአሥር ደቂቃ ያስደንቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ስልኩን ያወጣል።

ደረጃ 2፦ መሣሪያውን ምረጡ

ዋናው መሣሪያችን ፐልስ ፊዚዮሎጂ ኤንጂን ነው። የሚያዘጋጀው ኪትዌር የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን የተፈቀደው በአፓቺ 2.0 ፈቃድ ነው። ይህ ማለት ያለ ክፍያ መጠቀም፣ ማባዛት፣ እንደ ፍላጎታችሁ መቀየር ትችላላችሁ። ፐልስ የተወለደው ባዮጊርስ ከሚባል ቀዳሚ ፕሮጀክት ነው። ባዮጊርስ በአሜሪካ ጦር የሕክምና ምርምር ገንዘብ ተደግፎ የተሠራ ነው፤ መድማት፣ የደረት ጉዳት፣ የአየር ቧንቧ መዘጋት በደንብ የተወከሉትም ለዚህ ነው። ለእኛ የመንገድ አደጋ ትምህርት ይህ በጣም ይጠቅማል።

ባዮጊርስ ዛሬም ለብቻው አለ፤ አሠራሩም ከፐልስ ጋር ይቀራረባል። ሦስተኛው ኢንፈርመሪ ኢንተግሬትድ ይባላል። እሱ የታካሚ ሞኒተር፣ ዲፊብሪሌተርና የኢሲጂ ስክሪን ያሳያል፤ ቁጥሮቹን የምታስገቡት ግን እናንተ ናችሁ። ተማሪ ሞኒተር ማንበብ እንዲለምድ ከፈለጋችሁ እሱ ይበቃል፤ ቀላልም ነው። «ለምን?» ብላችሁ ልትጠይቁ ከሆነ ግን ፐልስ ያስፈልጋችኋል።

ደረጃ 3፦ አውርዱ፣ ጫኑ፣ በፍላሽ አስቀምጡ

ፐልስ በዊንዶውስ፣ በሊኑክስና በማክ ይሠራል። ሁለት መንገድ አለ። ኮድ መጻፍ ለማይፈልግ መምህር ፐልስ ኤክስፕሎረር የሚባል ባለ መስኮት ፕሮግራም አለ፤ ታካሚ ትመርጣላችሁ፣ ድርጊት ትሰጣላችሁ፣ ግራፉ ፊታችሁ ይሄዳል። ሁለተኛው መንገድ ሞተሩን፣ ማለትም ስሌቱን የሚሠራውን ክፍል፣ ራሱን መጠቀም ነው። ታሪኩን ሲናሪዮ በሚባል የጽሑፍ ፋይል ትጽፋላችሁ፣ ፕሮግራሙ ያሄደዋል፣ ውጤቱን በሰንጠረዥ ያወጣላችኋል። ፓይተን የሚያውቅ ሰው ደግሞ በፓይተን ሊያዘው ይችላል።

የእኔ ምክር፦ በኤክስፕሎረር ጀምሩ፣ ትምህርቱን ስታደራጁ ወደ ሲናሪዮ ፋይል ግቡ። የሲናሪዮ ፋይል ትልቁ ጥቅሙ በዓመቱም ብታሄዱት ያው ትምህርት መሆኑ ነው። ሞተሩን ከምንጭ ኮዱ መገንባት ካስፈለገ ሲፕላስፕላስ ኮምፓይለርና ሲሜክ የሚባል መሣሪያ ይጠይቃል፤ እዚህ ላይ የጤና መምህር ብቻውን ባይደክም ይሻላል። ኮምቦልቻ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ ሶፍትዌር የሚማሩ ልጆች አሉ። ለእነሱ ጥሩ ፕሮጀክት ነው፤ ለእናንተም ከብዙ ጣጣ መዳኛ።

ልዩ ኮምፒውተር አያስፈልግም። አስተማማኝ ባትሪ ያለው ደህና ላፕቶፕ በቂ ነው፤ መብራት ቢሄድ ትምህርቱ እንዳይቋረጥ። አንዴ ከወረደ በኋላ ኢንተርኔት አይጠይቅም። መጫኛውን በሁለት ፍላሽ ገልብጡና አንዱን ስኪል ላብ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጡ። የስሪቱን ቁጥር በወረቀት ለጥፉበት፤ በአንድ ስሪት የተጻፈ ሲናሪዮ በሌላው እምቢ ሊል ይችላል።

ደረጃ 4፦ ጤነኛውን ታካሚ እዩት

ምንም ሳታደርጉ «መደበኛ ወንድ» የሚለውን ታካሚ ክፈቱና ለጥቂት ደቂቃ አሂዱት። ዕድሜው 44፣ ክብደቱ 77 ኪሎ ያህል ነው። መነሻ የልብ ምቱ 72፣ የደም ግፊቱ 114 በ73.5 ተብሎ ተቀምጧል። ስክሪናችሁ ላይ የሚታየው ከዚህ ጋር ከተቀራረበ ጭነቱ ደህና ነው። ቁጥሮቹ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላሉ፤ ሞተሩ በየ20 ሚሊ ሰከንዱ ስለሚያሰላ እስትንፋስና የልብ ምት እርስ በርስ ሲገፋፉ ማየት ያለ ነው።

አዲስ ታካሚ ከፈጠራችሁ ሞተሩ መጀመሪያ ታካሚውን «ያረጋጋል»፤ ማለትም ሁሉም ሥርዓት እስኪስማማ ለራሱ ያሄደዋል። ይህ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ከተረጋጋ በኋላ ያለውን ሁኔታ በፋይል አስቀምጡትና ክፍል ስትገቡ ከዚያ ጀምሩ። ተማሪ ፊት መጠበቅ ጥሩ አይደለም።

ደረጃ 5፦ ታካሚውን ከባሕር ጠለል ወደ ደሴ አውጡት

አብዛኛው ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ሶፍትዌሩ ካልነገራችሁት በስተቀር ታካሚው 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የአየር ግፊት ውስጥ እንደሚተነፍስ ያስባል። ደሴ ግን ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ወደ 560 ይወርዳል። ኮምቦልቻ በ1,850 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ወደ 607 ይሆናል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ወጥቶ የመጣ ታካሚ በአንድ ዳገት ብቻ ይህን ያህል ልዩነት አልፏል ማለት ነው።

ይህ ቁጥር ምን እንደሚያደርግ ሰሌዳ ላይ አብራችሁ ከተማሪው ጋር አስሉት። የምንተነፍሰው አየር ሳንባ ሲደርስ በውሃ ትነት ስለሚሞላ ከግፊቱ 47 ይቀነሳል፤ የቀረው በኦክስጅን ድርሻ በ0.21 ይባዛል።

በባሕር ጠለል፦ 760 ሲቀነስ 47፣ ሲባዛ በ0.21፣ ወደ 150።
በኮምቦልቻ፦ 607 ሲቀነስ 47፣ ሲባዛ በ0.21፣ ወደ 118።
በደሴ፦ 560 ሲቀነስ 47፣ ሲባዛ በ0.21፣ ወደ 108።

ከዚህ ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚይዘውን ቦታ ቀንሱ። ካርቦኑ 40 ከሆነ ሲካፈል በ0.8፣ 50 ይሆናል። ስለዚህ በባሕር ጠለል የአየር ከረጢቱ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊት ወደ 100 ነው፤ በደሴ 58 ብቻ ነው። ሰውዬው ጠንከር አድርጎ ተንፍሶ ካርቦኑን ወደ 34 ካወረደ ደግሞ ወደ 65 ይመለሳል። ትንፋሽ ለምን እንደሚጨምር ተማሪው እዚህ ላይ በራሱ እጅ ያገኘዋል። ደሴ ላይ ለሚሠራ ሰው ከዚህ ስሌት የበለጠ ጠቃሚ የፊዚዮሎጂ ትምህርት አላውቅም።

ሶፍትዌሩ ላይ የምትነኩት «የአካባቢ ሁኔታ» የሚለውን ክፍል ነው። የአየር ግፊቱን 560 አድርጉ። የኦክስጅንን ድርሻ ግን አትንኩ፤ 21 በመቶ እንደሆነ ይቆይ። ከፍታ ላይ የሚቀንሰው ግፊቱ እንጂ ድርሻው አይደለም፤ ብዙዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። ከዚያ ቁጥሮቹ እስኪረጉ አሂዱት፣ ያንን ሁኔታ «ደሴ ጤነኛ» ብላችሁ አስቀምጡ። ለኮምቦልቻም ሌላ አድርጉ።

አንድ ነገር ለተማሪው በግልጽ ንገሩት። ሶፍትዌሩ ውስጥ ያለው ሰው ከባሕር ዳር ዛሬ የመጣ እንግዳ ነው፤ ከፍታውን አልለመደውም። እዚሁ ተወልዶ ያደገ ሰው ሰውነቱ ሌላ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች አካባቢ በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮችን መርምሮ አማካይ የኦክስጅን ሙሌታቸው 95.3 በመቶ፣ ሄሞግሎቢናቸው (ኦክስጅን የሚሸከመው የቀይ ሕዋስ ክፍል) በወንዶች 15.9፣ በሴቶች 15.0 ግራም በዴሲሊትር ሆኖ አግኝቷል። ባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ብዙም የማይለይ ነው። ስለዚህ ሞዴሉ የሚያሳየው የሳቹሬሽን (የኦክስጅን ሙሌት) መውረድ ከደሴው ሰው ሊበልጥ ይችላል። አቅጣጫውን እመኑ፤ ቁጥሩን ግን የደሴ ሰው ቁጥር ነው ብላችሁ አትውሰዱ።

ደረጃ 6፦ ታሪኩን ገንቡ

ታሪኩ ከአካባቢው ይሁን። ለምሳሌ፦ ሐረጎ ላይ የጭነት መኪና ተገልብጦ ረዳቱ ቀኝ ጭኑ ተጎድቷል፣ ደም ይፈሳል፣ ሰዎች በባጃጅ ጭነው ወደ ደሴ ይዘውት እየወጡ ነው።

ይህን ወደ ቁጥር ለመቀየር መጀመሪያ የታካሚውን ደም ገምቱ። 77 ኪሎ በ70 ሚሊ ሊትር ሲባዛ ወደ 5,400 ሚሊ ሊትር ነው። በአደጋ ሕክምና ሥልጠና ላይ የሚታወቀው አከፋፈል እንዲህ ይሆናል። እስከ 15 በመቶ፣ ማለትም ወደ 800 ሚሊ ሊትር፣ አንደኛ ደረጃ ነው። እስከ 30 በመቶ፣ ወደ 1,600፣ ሁለተኛ ነው። እስከ 40 በመቶ፣ ወደ 2,150፣ ሦስተኛ። ከዚያ በላይ አራተኛ። የእኛ ጥያቄ የሚገኘው ሁለተኛው ደረጃ ላይ ነው፤ ልብ ከ100 በላይ ይመታል፣ በላይኛውና በታችኛው ግፊት መካከል ያለው ልዩነት ይጠባል፣ የላይኛው ግፊት ግን ገና አልወረደም።

ሲናሪዮውን በዚህ ቅደም ተከተል ጻፉት። «ደሴ ጤነኛ» ከሚለው ፋይል ይጀምር። 3 ደቂቃ ምንም ሳይደረግ ይሂድ። ቀኝ እግር ላይ በደቂቃ 100 ሚሊ ሊትር የሚፈስ መድማት ይጀምር፣ 12 ደቂቃ ይቀጥል። ከዚያ መጠኑ ዜሮ ይሁን፤ ይህ ጭኑ ታስሮ ደሙ የቆመበት ነው። ከዚያ 15 ደቂቃ ለሕክምናው ይተው። ድምሩ 30 ደቂቃ ነው፤ ሞተሩ ግን ከእውነተኛው ሰዓት ፈጥኖ ስለሚሄድ ቤት ሆናችሁ ስታዘጋጁ ያን ያህል አትጠብቁም።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። 100 በ12 ሲባዛ 1,200 ስለሆነ በእርግጥ 1,200 ፈሷል ብላችሁ አትለፉ። ውጤቱ ውስጥ ያለውን «የደም መጠን» ዓምድ ተመልከቱ፤ ትክክለኛው እሱ ነው። ደግሞም ዜሮ እስክታደርጉት ድረስ ታካሚው መድማቱን ይቀጥላል። ረስታችሁት ወደ ሕክምናው ብትገቡ የሰጣችሁት ሁሉ በእግሩ ሲወጣ ታያላችሁ።

ከባዶ መጻፍ ከከበዳችሁ ከፕሮጀክቱ የመፈተሻ ሲናሪዮዎች መካከል ሁለተኛ ደረጃ መድማትን ያለ ፈሳሽ፣ በሳላይን (በደም ሥር በሚሰጥ የጨው ውሃ) እና በደም የሚያሳዩ አሉ። አንዱን ገልብጣችሁ ቁጥሩን መቀየር ቀላሉ መንገድ ነው።

ደረጃ 7፦ የምታዩትን ቁጥር ገድቡ

ሞተሩ እጅግ ብዙ ቁጥር ሊያወጣ ይችላል። የልብ ምት፣ የላይኛውና የታችኛው ግፊት፣ አማካይ ግፊት፣ የደም መጠን፣ ልብ በደቂቃ የሚረጨው ደም፣ ትንፋሽ፣ ሳቹሬሽን፣ ሄሞግሎቢን። ይበቃል።

በየስንት ጊዜው ይመዝገብ የሚለውንም አስተካክሉ። በሰከንድ 50 ጊዜ ከተመዘገበ 30 ደቂቃው 90,000 ረድፍ ይሆናል፤ ደካማ ላፕቶፕ ላይ ኤክሴል ይንቀራፈፋል። በሰከንድ አንድ ጊዜ አድርጉት፣ 1,800 ረድፍ ብቻ ይሆናል። ውጤቱ በኮማ የተለየ ሰንጠረዥ ስለሆነ በኤክሴልም በሊብሬ ኦፊስም ይከፈታል።

ደረጃ 8፦ ያንኑ ታካሚ ሦስት ጊዜ አሂዱት

የትምህርቱ ልብ ይህ ነው። ሲናሪዮውን ሦስት ቦታ ገልብጡ። በመጀመሪያው ደሙ ከቆመ በኋላ ምንም አትስጡት። በሁለተኛው 500 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን በደቂቃ 50 ስጡት። በሦስተኛው 500 ሚሊ ሊትር ደም በዚያው ፍጥነት ስጡት። ሌላ ምንም ነገር አይለወጥ። ሦስቱን ግራፎች አንድ ገጽ ላይ አስቀምጡ።

ተማሪው በመጀመሪያ የሚያየው ግፊቱን ነው። ሳላይንም ግፊቱን ያነሳል። ብዙው ተማሪ እዚህ ላይ «ተሻለው» ይላል። ያኔ የሄሞግሎቢኑን ዓምድ ክፈቱለት። ሳላይን ቦታ ይሞላል እንጂ ኦክስጅን አይሸከምም፤ ያለውን ደም ያቀጥነዋል። ስሌቱን እንደገና ሰሌዳ ላይ አውጡት። 100 ሚሊ ሊትር ደም የሚሸከመው ኦክስጅን 1.34 ሲባዛ በሄሞግሎቢን፣ ሲባዛ በሙሌት ነው። ሄሞግሎቢን 15፣ ሙሌት 0.95 ከሆነ ወደ 19 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ሄሞግሎቢን ወደ 11 ሲወርድ፣ ሙሌቱ ያው 0.95 ሆኖ፣ 14 ብቻ ይሆናል። ጣት ላይ የተሰካው ፐልስ ኦክሲሜትር በሁለቱም ጊዜ 95 ያሳያል። ተማሪው ይህን አንዴ በዓይኑ ካየ «ሳቹሬሽኑ ደህና ነው» ብሎ ዝም አይልም።

ሌላም ነገር አለ። ምንም ያልሰጣችሁትን ግራፍ ተመልሳችሁ እዩት። ደም እየፈሰሰ ሳለ የሄሞግሎቢኑ ክምችት ብዙም አይወርድም፤ ምክንያቱም ቀይ ሕዋሱም ፈሳሹም እኩል እየወጡ ነው። ድንገተኛ ክፍል የደረሰ ታካሚ የመጀመሪያ ሄሞግሎቢን 14 ሆኖ ሲመጣ «ብዙ አልደማም» ማለት ለምን እንደሚያሳስት ከዚህ በላይ በምን ታስረዱታላችሁ?

ደረጃ 9፦ ሞዴሉ የማያውቀውን ቀድማችሁ ንገሩ

እርግዝና የለውም። ስለዚህ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ መድማትን፣ በእኛ አካባቢ አጥብቀን ልናስተምረው የሚገባንን ነገር፣ በዚህ ታካሚ አታስተምሩ። ቁጥሩን አስተካክዬ አስመስለዋለሁ ማለትም አያዋጣም፤ የነፍሰ ጡር የደም መጠንና የልብ ሥራ ሌላ ነው። ሕፃናትም የሉም። ፐልስ የሚቀበለው ዕድሜ ከ18 እስከ 65 ነው።

ከሁሉ በላይ፣ ይህ ማስተማሪያ ነው። የተኛ ታካሚን ቁጥር አስገብቶ «ምን ልስጠው?» ብሎ መጠየቅ ክልክል መሆኑን በመጀመሪያው ቀን ተናገሩ። ይህን የምለው ስለምሰጋ ነው፤ ስክሪን ላይ የሚንቀሳቀስ ግራፍ በቀላሉ ይታመናል።

ደረጃ 10፦ ክፍል ውስጥ

ከስምንት ያልበለጡ ተማሪዎች ይሁኑ። ግራፉን ከማሳየታችሁ በፊት ባዶ ወረቀት ስጧቸውና የልብ ምቱና ግፊቱ በ30 ደቂቃ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ በእርሳስ ይሳሉ። ይህ ግዴታ ነው። ሳይገምት ያየ ሰው «አዎ፣ አውቀው ነበር» ይላል።

ከዚያ ሲናሪዮውን በኤክስፕሎረር ቀጥታ አሂዱና ሥራ አከፋፍሉ። አንዱ ቫይታል ሳይን ጮክ ብሎ ያነባል፣ አንዱ ሰዓት ይይዛል፣ አንዱ ይወስናል። ማኒኪን ካላችሁ ጎኑ ይተኛ፤ ካኑላ የሚያስገባው እዚያ ላይ፣ ቁጥሩን የሚያነበው ከስክሪኑ ይሁን። ስምንተኛው ደቂቃ ላይ አቁሙት። «ሲስተር፣ አሁን ሐኪሙን ትጠሪያለሽ ወይስ ትጠብቂያለሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። «እጠብቃለሁ» ካለች ቀጥሉና የሚመጣውን አብራችሁ እዩት። ከዚያ ወደ ስምንተኛው ደቂቃ መልሱት። ፐልስ በፈለጋችሁት ሰዓት ሁኔታውን ስለሚያስቀምጥ ይቻላል።

ውይይቱ ከሩጫው የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። ወረቀት ላይ የሳሉትን ከግራፉ ጎን አስቀምጡና የተለያየበትን ቦታ ራሳቸው ያስረዱ። ያልተስማማችሁበት ነገር ካለ ሲናሪዮውን ቀይራችሁ እዚያው አሂዱት፦ ደሙ በደቂቃ 150 ቢፈስስ? ጭኑ አምስት ደቂቃ ቀድሞ ቢታሰር? ታካሚው ኮምቦልቻ ላይ ቢቆይ ኖሮ?

ሲጨርሱ የሲናሪዮ ፋይሉን፣ «ደሴ ጤነኛ» የሚለውን ሁኔታ፣ የስሪት ቁጥሩንና የመጀመሪያ ጥያቄያችሁን በአንድ ፎልደር አድርጋችሁ ለሚቀጥለው መምህር በቴሌግራም ላኩለት። የተማሪዎቹን ስም የያዘ ወረቀት ግን እዚያ ውስጥ አይግባ።